ብርሃን የማያሳፍረው ግድግዳ

የልስንን ጥራት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከግድግዳው ፊት ለፊት ቆሞ አይፍረድ። አዲስ ቀለም የጠጣ ግድግዳ ፊት ለፊት ሲያዩት ሁሉም ያምራል። ይልቅ ጥግ ላይ ይቁም፤ ጉንጩን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ወደ መስኮቱ አቅጣጫ በጎን ይመልከት። ያኔ ብርሃኑ ገጹን እየታከከ ስለሚያልፍ ትንሹም ጉብታ ጥላ ይጥላል፣ ጎድጓዳው ይጠቁራል፣ ለሳኙ መሣሪያውን ያሳረፈበትና ያነሳበት ቦታ ሁሉ መስመር ሆኖ ይወጣል። ጣሪያ ላይ ደግሞ ይብሳል። የግድግዳን ጉድለት ቁም ሣጥን ወይም ሥዕል ይሸፍነዋል፤ የጣሪያን ጉድለት የሚሸፍን ነገር የለም።

የዛሬው የአዲስ አበባ አፓርታማ ይህን ፈተና አክብዶታል። መስኮቱ ከወለል ተነስቶ ጣሪያ ሊደርስ ምንም አይቀረውም። በኮርኒሱ ዙሪያ የተደበቀው መብራት ማታ ማታ ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር በጎን ያበራዋል። ክፍሉ በአንድ አምፖል ከመሃል ይበራ በነበረበት ጊዜ ይታለፍ የነበረ ስህተት አሁን አይታለፍም። ስለዚህ ገጹ የሚቀናበትና የሚለሰልስበት የልስኑ የመጨረሻ ሰዓት ከምንጊዜውም በላይ ዋጋ አግኝቷል። በዚያ ሰዓት በለሳኙ እጅ ያለው መሣሪያ ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ላሜራው ምን ያህል እንደሚተጣጠፍ፣ ጠርዙ ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ ግድግዳው ላይ ይነበባል። ስለ እነዚያ ትልልቅ መሣሪያዎችና እነሱን መርጦ ስለሚይዘው እጅ መጻፍ ከፈለግሁ ቆይቻለሁ፤ ጥሩ ሥራ ስንት ዕውቀት እንደሚጠይቅ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነውና።

ርዝመት የሚያሳየው

አንድ ሰፊ ጎድጓዳ እናስብ። በ2 ሜትር ርዝመት ውስጥ የግድግዳው መሃል 4 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል። 4 ሚሊሜትር ሲነገር ትንሽ ይመስላል፤ በጎን ብርሃን ግን ከክፍሉ ማዶ ይታያል። አሁን በዚህ ጎድጓዳ ላይ 28 ሴንቲሜትር የሚረዝመውን የተለመደውን የብረት ማለስለሻ እናሳርፍ። በመሣሪያው ሁለት ጫፎች መካከል የሚፈጠረው ክፍተት ከ0.1 ሚሊሜትር በታች ነው። ይህን ዓይን አያየውም፣ እጅም አይሰማውም። መሣሪያው ጎድጓዳውን ተከትሎ ይወርዳል፣ ተከትሎ ይወጣል፤ የተጣመመውን ግድግዳ እንደተጣመመ ያለሰልሰዋል።

በዚያው ቦታ 60 ሴንቲሜትር የሚረዝም ስፓቱላ ብናሳርፍ ክፍተቱ ወደ 0.4 ሚሊሜትር ይጠጋል። 1 ሜትር ከሆነ 1 ሚሊሜትር ሙሉ ይሆናል። እስታጃ የሚባለው ቀጥ ያለ ረጅም ማቅኛ ደግሞ 2 ሜትር ከሆነ 4 ሚሊሜትሩን በሙሉ ያወጣዋል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የመሣሪያው ርዝመት እጥፍ ሲሆን የሚገልጠው ክፍተት አራት እጥፍ ይሆናል። ትልቅ መሣሪያ ሥራን ያፋጥናል ሲባል እሰማለሁ፤ እውነት ነው፣ ያፋጥናል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ይኸኛው ነው፤ አጭሩ መሣሪያ ከነጭራሹ የማያየውን ስህተት ረጅሙ ያያል። ጉብታውን ይቆርጣል፣ ጎድጓዳውን ሳይነካ ያልፈዋል፣ የጎደለውም የት እንደሆነ ለሳኙ ወዲያው ያውቃል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ልስላሴና ቀጥ ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። በእጅ ሲዳሰስ የሚያንሸራትት ግድግዳ በዓይን ሲታይ ማዕበል ሊሆን ይችላል። በከተማችን ለብዙ ዓመት የቆየው ልማድ ብሎኬቱን በሲሚንቶ መለሰን፣ በፍራታዞ ማሸት፣ ከዚያ በላዩ ስቱኮ በትንሽ ስፓቱላ ሁለት ሦስት እጅ ቀብቶ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ነው። ስቱኮ ቀዳዳ ይደፍናል፣ ጭረት ያጠፋል፤ ግድግዳ ግን አያቀናም። ቀጥ ያላለውን ልስን በስቱኮ ለማዳን የሚባክነው ጉልበት፣ በመፈግፈጉ ሰዓት ክፍሉን የሚሞላውም አቧራ፣ መነሻው ብዙውን ጊዜ ቀደም ሲል ረጅሙ መሣሪያ አለመነካቱ ነው።

ይህ ዕውቀት አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው የሥነ ሕንጻ ሊቅ ቪትሩቪየስ ስለ ሕንጻ በጻፈው ሥራ በሰባተኛው መጽሐፍ ልስን በብዙ እጅ ተደራርቦ እንደሚሠራ ይዘረዝራል። ርዝመቱን በማስመሪያና በገመድ፣ ቁመቱን በቱንቢ፣ ማዕዘኑን በማዕዘን መለኪያ ማቅናትም ከመጨረሻው የእብነ በረድ ዱቄት ልስን በፊት መጠናቀቅ እንዳለበት ያሳስባል። መጀመሪያ ማቅናት፣ ኋላ ማለስለስ። ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላም ቅደም ተከተሉ አልተለወጠም።

አጭር መሣሪያ ሁልጊዜ ጥፋት ነው ማለት አይደለም። በገጠር የጭቃ ቤት ሲመረግ ከጭድ ጋር የተቦካው ጭቃ የሚለሰልሰው በመዳፍ ነው። መዳፍ የማገሩን መውጣትና መግባት ተከትሎ ይሄዳል፤ ግድግዳውም የእጁን እንቅስቃሴ ይዞ ይቀራል። ያ ግድግዳ በጠባብ መስኮትና በምድጃ ብርሃን የሚኖር ነው፤ ቀጥ በል ያለውም የለም፤ ውበቱም ከዚያው ይመነጫል። መሣሪያውና ቤቱ ተስማምተዋል። ችግር የሚመጣው ለሌላ ብርሃን የተሠራ ቤት በመዳፍ ልክ በሆነ መሣሪያ ሲጠናቀቅ ነው።

ጂብሰም ሰዓት አለው

ዛሬ በአፓርታማዎች ውስጥ የሲሚንቶ ልስንን ቦታ በሰፊው እየያዘ ያለው ጂብሰም ነው። ጂብሰም ለአገራችን ባዕድ አይደለም፤ የሥነ ምድር ባለሙያዎች በጎሐ ጽዮን ስም በጠሩት የአባይ ሸለቆ የድንጋይ ንብብር ውስጥ በብዛት ይገኛል። ድንጋዩ ተፈጭቶ እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሞቅ በውስጡ ከያዘው ውሃ ሦስት አራተኛውን ይለቅቃል። ዱቄቱ ባልዲ ውስጥ ከውሃ ጋር ሲገናኝ የለቀቀውን መልሶ ይጠጣና እንደገና ድንጋይ ይሆናል። በአጉሊ መነጽር ቢታይ በመርፌ ቅርጽ የሚያድጉ ጥቃቅን ክሪስታሎች እርስ በርስ እየተጠላለፉ ሲተሳሰሩ ይታያል። ለሳኙ "ያዘ" የሚለው ይህን ነው።

እዚህ ላይ ነው የመሣሪያ ምርጫና የሰዓት ዕውቀት የሚገናኙት። ሲሚንቶ ታጋሽ ነው፤ ጂብሰም ግን እንደየዓይነቱና እንደየፋብሪካው የተወሰነ ሰዓት ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ በሩን ይዘጋል። መያዝ በጀመረ ጂብሰም ላይ ውሃ ጨምሮ መልሶ ማላላት ክሪስታሎቹን መሰባበር ነው፤ ሲደርቅ ገጹ ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ ጥሩ ለሳኝ ክፍሉን የሚከፋፍለው በሠራተኛው ብዛትና በጂብሰሙ ሰዓት ልክ ነው፤ የጀመረውን ፊት ሳይጨርስ ሌላ ፊት አይነካም።

ባልዲውም ነገር አለው። ከትናንት የቀረ የጂብሰም ቅርፊት ባልዲው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ከቆየ፣ ያ ቅርፊት ለአዲሱ ክሪስታል ዘር ይሆንና አዲሱን ድብልቅ ያለ ጊዜው ያስይዘዋል። ንጹሕ ባልዲ የያዘና ቆሻሻ ባልዲ የያዘ ሁለት ለሳኞች ከአንድ ከረጢት ቀድተው የተለያየ ሰዓት ያገኛሉ። ዱቄቱም ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው በዱቄቱ ላይ አይፈስስም፤ አለበለዚያ ያልረጠበ ጓል ይቀራል፣ ጓሉም በመጨረሻው ሰዓት ከስፓቱላው ስር ገብቶ ከዳር እስከ ዳር ይጭራል። ድብልቁ እንደ ወፍራም እርጎ ሲሆን፣ ሲገለብጡት ከመሣሪያው ላይ ሳይወርድ ሲቆይ ልክ ነው።

በእያንዳንዱ ደረጃ የሚያዘው መሣሪያ ይለያል። ጂብሰሙ ገና እርጥብ ሳለ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር የሚረዝም የአሉሚኒየም እስታጃ ከታች ወደ ላይ እየተሳበ ያሰራጨዋል፣ ትርፉን ያነሳል፣ የጎደለው ይሞላል፣ እንደገና ይሳባል። የግድግዳው ቀጥ ማለት በአብዛኛው የሚወሰነው እዚህ ነው። መያዝ ሲጀምር ጠርዙ ስል የሆነው እስታጃ ይመጣል፤ ይኸኛው አያሰራጭም፣ ይቆርጣል። ጉብታውን በስሱ እየላጨ ያወርዳል። ቀጥሎ ገጹ በውሃ ይረጥባል፣ ስፖንጅ በተለጠፈበት ፍራታዞ በክብ በክብ ይታሻል፤ የስፖንጁ እሽት ከውስጥ ስስ ክሬም ያወጣል። ያ ክሬም ጥቂት ሲጠነክር፣ ትልቁ ስፓቱላ የሚነሳበት ሰዓት ነው።

ስፓቱላውን መምረጥ

ትልቁ የማጠናቀቂያ ስፓቱላ ስስ ላሜራና ላሜራውን ከጀርባ የሚደግፍ የአሉሚኒየም ዘንግ ነው። ርዝመቱ ከ40 ሴንቲሜትር ጀምሮ እስከ 120 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ረጅሙ ሁልጊዜ ይሻላል ብሎ መግዛት ግን ስህተት ነው። በመስኮትና በበር መካከል ላለች ጠባብ ግድግዳ ከ40 ሴንቲሜትር በላይ ያለው መዞሪያ ያጣል። ለመደበኛ የመኝታ ክፍል ግድግዳ ከ60 እስከ 80 ሴንቲሜትር ይመቻል። 1 ሜትርና ከዚያ በላይ ያለው ቦታው ሰፊ ሳሎን፣ ረጅም መተላለፊያና ጣሪያ ነው።

የርዝመት ዋጋው ጉልበት ነው። በ28 ሴንቲሜትር ጠርዝ ላይ የሚያርፈው የክንድ ግፊት በ1 ሜትር ጠርዝ ላይ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ሴንቲሜትር የሚደርሰው ከአንድ ሦስተኛ ያነሰ ነው። ስለዚህ ረጅሙ ስፓቱላ የጠነከረን ጂብሰም በግድ ማስተኛት አይችልም። ሰዓቱን ያሳለፈ ለሳኝ ትንሹን መሣሪያ ይዞ በጉልበቱ ጥቂት ሊታገል ይችል ይሆናል፤ ረጅሙን ከያዘ ግን ሰዓቱን ማወቅ ግዴታው ነው። ረጅሙን መሣሪያ የማከብረው በዚህም ነው፤ በጉልበት የሚሠራውን ሰው አይታዘዘውም።

ቀጥሎ የሚታየው የላሜራው ውፍረት ነው። የተለመዱት 0.3 እና 0.5 ሚሊሜትር ናቸው። ልዩነቱ ለዓይን ምንም አይደለም፤ ለእጅ ግን ሰፊ ነው፤ ምክንያቱም የላሜራ ግትርነት ከውፍረቱ ጋር በእጥፍ ብቻ አያድግም። 0.5 ሚሊሜትሩ ከ0.3 ሚሊሜትሩ ከአራት እጥፍ ተኩል በላይ ይገትራል። ግትሩ ጉብታ ይቆርጣል፣ ጎድጓዳ ላይ ድልድይ ይሠራል፤ ስለዚህ ለመጀመሪያው ዙር ነው። ተጣጣፊው ገጹን ለስልሶ ይዘጋል፣ የመጨረሻውን ስስ ክሬም ያስተኛል፤ ስለዚህ ለመጨረሻው ዙር ነው። ሁለቱን ላሜራ እየቀያየሩ በአንድ ዘንግ መጠቀም የሚቻልበት ዓይነት ካለ እሱን መግዛት ይበልጣል።

ብረቱ የማይዝግ መሆን አለበት፤ ይህ ምርጫ አይደለም። እርጥብ ጂብሰም ተራ ብረትን በፍጥነት ያዝጋል፤ ዝገቱ ነጩ ገጽ ላይ ቡናማ መስመር ይጥላል፤ መስመሩም ከቀለም ስር እንደገና ብቅ ይላል። የፕላስቲክ ላሜራም አለ፤ ክሬሙን ሳይጭር ለመሰብሰብና ጥቃቅን ቀዳዳዎችን ለመዝጋት የተመቸ ነው። የመጨረሻውን ጥራት የሚሰጠው ግን ብረቱ ነው።

ከሱቅ ሲገዛ ሦስት ነገር መፈተሽ ይገባል። አንደኛው ጠርዙ ነው፤ ሁለት ስፓቱላ ጠርዝ ለጠርዝ አጋጥሞ ወደ ብርሃን ማንሳት፣ በመካከላቸው ብርሃን ካለፈ አንዱ ጠማማ ነው። ሁለተኛው ጥጉ ነው፤ የላሜራው ጥጎች በመጠኑ የተሞረዱና ክብ ያሉ ካልሆኑ በእያንዳንዱ ስበት ዳር ላይ መስመር ይተዋሉ። አዲስ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ጥጉ ስል ሆኖ ይመጣልና ልምድ ያለው ለሳኝ በመጀመሪያው ቀን ራሱ በስሱ ይሞርደዋል። ሦስተኛው ክብደቱና መያዣው ነው፤ ሁለት እጅ ተራርቆ የሚይዝበት ቦታ ከሌለው፣ ረጅም የመያዣ ዘንግም የማይቀበል ከሆነ፣ ለጣሪያ አይሆንም።

ጣሪያው ስር

የዚህን ሥራ ሙሉ ጥበብ ማየት የፈለገ ሰው ጣሪያ ሲጠናቀቅ ይመልከት። በአዲስ አበባ አንድ ገና ያልተጠናቀቀ አፓርታማ ሳሎን ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። የኮንክሪቱ ሶሌታ ስር ኮንክሪቱ ከፈሰሰበት ፈረም የቀረው ዘይት ታጥቦ፣ አሸዋማ ማጣበቂያ ተቀብቶ፣ ማጣበቂያው ደርቆ ነበር። ይህ እርምጃ ከተዘለለ በለሰለሰ ኮንክሪት ላይ የተለጠፈ ጂብሰም አንድ ቀን በሙሉ ገጽ ተላቅቆ ይወርዳል። ጂብሰሙ ተለጥፎ፣ በእስታጃ ተስቦ፣ በስሉ ተላጭቶ፣ በስፖንጅ ታሽቷል። የአዛውንቱ ለሳኝ ረዳት የሆነው ወጣት 1 ሜትሩን ስፓቱላ ረጅም ዘንግ ላይ ሰክቶ ዝግጁ ሆኖ ቆሟል።

"ጋሼ፣ ልጀምር?"

"ገና ነው፤ ጣትህን አስነካው።"

ወጣቱ መወጣጫው ላይ ወጥቶ ጣቱን አሳረፈ። ጣቱ ላይ ነጭ ነገር ተጣብቆ ወረደ። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጥቂት ቆዩ። በሁለተኛው ንክኪ ጣሪያው ላይ የጣት ምልክት ቀረ፣ ጣቱ ላይ ግን ምንም አልተጣበቀም። "አሁን" አሉና ዘንጉን ተቀበሉ።

ወለሉ ላይ ቆመው ነበር የሠሩት። የዘንግ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ለሳኙ መወጣጫ ላይ አንገቱን ቀልብሶ፣ በየሜትሩ እየወረደና እየወጣ፣ ሥራውን አያቋርጥም። አንድ ስበት ከግድግዳ ተነስቶ እስከ ግድግዳ ሳይቆም ይደርሳል፤ መቆም ማለት መስመር መተው ነውና። ላሜራውን የሚያሳርፉት በሚሄዱበት አቅጣጫ ያለውን ጎን በጥቂቱ አንስተው ነው፤ ያ ጎን ካልተነሳ ይነክሳል። በመጀመሪያው ዙር ላሜራው ቀና ብሎ ይሄዳል፤ ቀና ሲል ይቆርጣል። በሁለተኛው ዙር ጋደም ይላል፤ ጋደም ሲል ይጫናል፣ ይሞላል። እያንዳንዱ ስበት የቀደመውን ስበት አንድ ሦስተኛ ያህል ደርቦ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ዙር በአንድ አቅጣጫ ከሆነ ሁለተኛው እሱን አቋርጦ ያልፋል። በየስበቱ መጨረሻ ጠርዙ ላይ የተሰበሰበው ክሬም ይጠረጋል፤ ረዳቱ እርጥብ ጨርቅ ይዞ የቆመው ለዚህ ነው።

አዛውንቱ ጣሪያውን በዓይናቸው ብቻ አይደለም የሚከታተሉት፣ ያዳምጡታል። እርጥብ ጂብሰም ላይ ላሜራ ድምፅ የለውም። እየያዘ ሲሄድ ስስ የሆነ የመፋቅ ድምፅ ይጀምራል፤ ድምፁ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ከሆነ ገጹ እኩል ይዟል ማለት ነው። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ተቀየረ፤ ላሜራው ባዶ ላይ ያለፈ ይመስል ጸጥ አለ። "እዚያ ጎድሏል" አሉ ሳይጠጉ። ወጣቱ በትንሽ ማለስለሻ ጥቂት ክሬም ወስዶ ሞላው፤ ረጅሙ ስፓቱላ ተመልሶ አለፈበት፤ ድምፁ ተስተካከለ። ጉድለቱ ከ1 ሚሊሜትር አይበልጥም ነበር። በ28 ሴንቲሜትር መሣሪያ ቢሠሩ ኖሮ ማንም አያገኘውም ነበር፤ ኋላ የጣሪያው መብራት ሲበራ ግን ሁሉም ያየዋል።

የመጨረሻው ዙር ከመስኮቱ ተነስቶ ወደ ክፍሉ ውስጥ፣ ብርሃኑ በሚጓዝበት አቅጣጫ ነበር። ከብርሃን ጋር አብሮ የሚሄድ ስስ መስመር ጥላ አይጥልም ማለት ይቻላል፤ ብርሃኑን የሚያቋርጠው መስመር ነው ጥላ የሚጥለው። ለሳኙ የነገውን ብርሃን ዛሬ አስቦ እጁን የሚመራው በዚህ ነው። መቼ መተው እንዳለባቸውም ያውቁ ነበር። ጂብሰም ከሚገባው በላይ ሲታሽና ሲወለወል መስታወት ይሆናል፤ ውሃ መጠጣት ያቆማል፤ ቀለሙም አይይዘውም። ጣሪያው ለስልሶ ገና መልኩ ያልደረቀ ሳለ ዘንጉን ለወጣቱ መለሱና "ጨርሰናል፣ እጠበው" አሉት።

ጠርዝ መጠበቅ

ስፓቱላው የሚታጠበው ወዲያው ነው። ጠርዙ ላይ የደረቀ የጂብሰም ነጥብ ነገ የ1 ሜትር ጭረት ነው፤ ያውም ከዳር እስከ ዳር እኩል የሚጓዝ፣ በእጅ የማይደፈን። በደረቀ ጊዜ በሌላ ብረት መፋቅ ደግሞ ጠርዙን ያቆስላል። ታጥቦ፣ በጨርቅ ደርቆ፣ ጠርዙ ላይ ሽፋን ተደርጎ፣ ተንጠልጥሎ ወይም ተጋድሞ ይቀመጣል፤ ግድግዳ ላይ ተደግፎ የሚያድር ላሜራ ቀስ በቀስ ይጎብጣል። ወድቆ ጥጉ ከተመታ፣ የተቆለመመውን ጫፍ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት፣ ወረቀቱ ቀጥ ባለ ነገር ላይ ተዘርግቶ፣ ጠርዙን በሙሉ ርዝመቱ እየሳቡ ማቅናት ነው። ካልዳነ ላሜራው ብቻ ይቀየራል። ጎረቤት እንዲዋስ የማይፈቀድ መሣሪያ ካለ ይኸኛው ነው፤ የአንድ ሰው እጅ የለመደውን ጠርዝ ሌላው ሰው በአንድ ቀን ሊያበላሸው ይችላል።

ለጂብሰም ያለኝ አድናቆት ቦታውን አያስረሳኝም። ጂብሰም በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ 2 ግራም ያህል ይሟሟል፤ ስለዚህ ለመታጠቢያ ቤትና ለውጭ ግድግዳ አይሆንም፤ እዚያ ሲሚንቶው ከነፍራታዞው ይቆያል። ለደረቅ ክፍልና ለጣሪያ ግን በረጅም መሣሪያ በሰዓቱ የተጠናቀቀ ጂብሰም የሚሰጠውን ገጽ ስቱኮና ብርጭቆ ወረቀት አይሰጡም።

ለባለቤቱም፣ ለባለሙያውም

ይህን ሥራ እየጎዳ ያለው የአከፋፈሉ ልማድ ነው። ልስን በካሬ ሜትር ይከፈላል፤ ካሬ ሜትር ደግሞ ፍጥነትን እንጂ ቀጥ ማለትን አይለካም። ለሳኙ ስሉን እስታጃ ዘሎ፣ ስፖንጁን ዘሎ፣ ስቱኮ ያቀናዋል ብሎ ቢሄድ የሚቀርበት ገንዘብ የለም፤ ጠንቅቆ የሠራውም የሚጨመርለት የለም። ሌላ አገር ይህን በመለኪያ ፈትተውታል። የጀርመን መለኪያ ዲን 18202 ለተጠናቀቀ ግድግዳና ጣሪያ በ1 ሜትር ርቀት ውስጥ እስከ 5 ሚሊሜትር መዛነፍ ይፈቅዳል፤ ከፍ ያለ ጥራት በውል ከተጠየቀ ወደ 3 ሚሊሜትር ያወርደዋል። የጂብሰም ኢንዱስትሪያቸውም የገጽ ጥራትን ከኪው 1 እስከ ኪው 4 ከፋፍሎ፣ ለጎን ብርሃን የተጋለጠው ቦታ የመጨረሻውን እንዲጠይቅ ያደርጋል። ዋናው ቁጥሩ አይደለም፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁለቱም ወገን የሚጠበቀውን ማወቃቸው ነው።

ስለዚህ ቤት የምታሠሩ ሁሉ፣ ውላችሁ ላይ ከካሬ ሜትሩ ጎን ሚሊሜትሩንም ጻፉ። መስኮቱ የት እንደሆነ፣ የጣሪያው መብራት በየት በኩል እንደሚዞር ለለሳኙ አስቀድማችሁ ንገሩት። ቀለም ሳይቀባ እስታጃና የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ግቡ፤ ባትሪውን ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ በጎን አብሩ፤ የምታዩትን ከለሳኙ ጋር አብራችሁ እዩ። ለሳኞችም፣ አሠሪው የሚያመጣውን ስፓቱላ አትጠብቁ፤ የራሳችሁን ግዙ፣ ጥጉን ሞርዱ፣ ጠርዙን ጠብቁ። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ደግሞ ሰልጣኙ ከፍራታዞ ጋር ረጅሙንም መሣሪያ ይዞ እንዲወጣ ቢያደርጉ፣ ነገ ከተማውን የሚያጠናቅቀው እጅ የተሟላ ይሆናል።

ብርሃን በጎን ሲበራበት የማያፍር ግድግዳ የሠራ ባለሙያ ካገኛችሁ ግን ስሙን ጠይቁ፣ ስልኩን ያዙ፣ ለጎረቤታችሁ ንገሩለት፤ በዋጋውም አትከራከሩት።